የጸሎት ሰዓት ፋክስ

ሥራ አስኪያጁን አቶ ሀብተየስን ከጠረጴዛቸው ሥር ሞተው ያገኘቻቸው ጸሐፊዋ ሩት ናት። የጠዋቱ ጸሎት አልቆ ሁሉም ወደየክፍሉ ሲበተን እሷ የሚፈረም ይዛ ገባች። ግንባራቸው የብረት ካዝናውን ጠርዝ መትቶ ተሰንጥቋል፤ ኮምፒውተራቸው እንደበራ ነው። ጩኸቷ ግቢውን አናጋው።

መጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች ብዙም አልተቸገሩ። ለገጠር ቀበሌዎች ንጹሕ ውሃ በሚያወጣው በዚህ ትንሽ የሶዶ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀመረው በጸሎት ነው፤ ከሥራ አስኪያጁና ከበር ጠባቂው በቀር ያን ቀን የቀረ የለም። እሳቸው ደግሞ በጸሎቱ መሐል ከክፍላቸው አዲስ አበባ ፋክስ ልከዋል። እንግዲያው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ውጭ የቀረው በር ጠባቂው ኤርካሎ ብቻ፤ እሱም በዋዜማው ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። በቃ! በካቴና ጠፍረው ወሰዱት።

ኋላ ጉዳዩን የተረከበችው ኢንስፔክተር ጣፈጠች ድምጿ ለስላሳ ነው፤ ዐይኗ ግን አያርፍም።

«ፋክስ የምትልኩት በምንድን ነው?»

«ፋክሱን በስልክ መስመር የሚያወጣው ሞደም ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው» አለች ሩት። «ሌሎቹ በኔትወርክ ይጋሩታል። ሁሉም ከየጠረጴዛው ይልካል፤ በእኔ በኩል ይወጣል።»

«ያንቺው ከጠፋስ?»

«አይጠፋም። የአቶ ሀብተየስ ትእዛዝ ነው።»

«ያን ዕለትስ?»

«በርቶ ነው ያደረው።»

ውሸቷን ነው! በዋዜማው ከሥራ መውጫ ላይ ሰማዩ ሲያጓራ ሶኬቱን ነቅላ ነበር የሮጠችው። ባለፈው ክረምት መብረቅ አንድ ሞደም አቃጥሎ የወረደባት ቁጣ መቼ ይረሳታል! ጠዋት ሰክታ፣ አብርታ፣ ወደ ጸሎት ገባች። ብትናገር ከሥራ የሚያባርሯት መሰላት። ለእንጀራዋ ብላ ሰው ታስሮ ዝም አለች፤ እግዜር ይይላት እንጂ ምን ይባላል?

ምክትሉ ሲላስ ግን ሲጠየቅ ፈጠን ብሎ መለሰ። «በር ላይ ተገናኝተን አብረን ገባን። ‹ፋክስ ልላክ፣ እናንተ ጸሎቱን ጀምሩ› አሉኝ።»

«ኤርካሎ ግን ‹ጠዋት ሲገቡ አላየኋቸውም› ይላል።»

«የታሰረ ሰው ሌላ ምን ይበል?»

ጣፈጠች የሬሳውን ፎቶግራፍ አንሥታ ማየት ያዘች።

ፋክሱ የሚለውን የነገረቻት የፕሮጀክት ሠራተኛዋ ሳሌም ናት። «የሁምቦው የውሃ ሥራ ከሲላስ ተወስዶ ለእኔ እንዲሰጥ ነው» አለችና እንባዋ መጣ። «በእኔ ጦስ ይሆን እንዴ?»

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ኤርካሎንም በካቴናው አመጡት።

«ያን ዕለት ከንጋት ጀምሮ ዘንቧል» አለች። «ግቢው ጭቃ ነበር፤ የሁላችሁም ጫማ እንዲሁ። የሟቹ ጫማ ግን ሶሉ ሳይቀር ደረቅና ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጠዋት አልገቡም፤ ማታውንም አልወጡም። ቤተሰባቸው ርቆ ሃላሌ ከተማ ስለሚኖር፣ ኤርካሎም ማታ ማታ ቤቱ ስለሚገባ፣ ‹የት አደሩ?› ያለ የለም።»

«ታዲያ የሞተ ሰው ፋክስ ላከ?» አለ ሲላስ።

«እኔም እዚህ ላይ ነበር የተቸገርኩት። ሩትዬ፣ አንዴ ልድገምልሽ። ያንቺ ኮምፒውተር ቢጠፋ፣ እሳቸው የላኩት ምን ይሆናል?»

ሩት ቀና ስትል የኤርካሎን እጅ አየች። ካቴናው የያዘው ቦታ አብጧል። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይጠብቃል» አለች እያለቀሰች። «የእኔ ሲበራ ነው የሚወጣው። መብረቅ ፈርቼ ማታ ነቅዬው ነበር፤ ጠዋት ነው የሰካሁት። ዋሽቻለሁ!»

«ስለዚህ የተላከው ማታ፣ የወጣው ደግሞ እናንተ ስትጸልዩ» አለች ጣፈጠች። «ፋክሱ ከተነሣ፣ ሟቹ ጠዋት በሕይወት ነበሩ የሚለን አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። አቶ ሲላስ፣ ያን ጠዋት አብረው የገቡት ከማን ጋር ነው?»

«ልገድላቸው ብዬ አይደለም» አለ ሲላስ። «ማታ ስገባ ፋክሱን እየላኩ ነበር። ‹መልሱት› ብዬ ለመንኳቸው። ‹ሄዷል፣ አበቃ› አሉኝ። ንዴቴ አሸነፈኝ፤ ገፋኋቸው።» ከዚያ ወደ ሩት ዞረ። «ማታ አልወጣም ነበር ነው የምትይው?»

«አልወጣም።»

«መሰረዝ ይቻል ነበር?»

«እዚያው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ፤ በአንድ ጣት።»

ሲላስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀመጠ። ፖሊሱ ካቴናውን ከኤርካሎ ፈትቶ ወደ እሱ ሄደ። ሳሌም ጮክ ብላ ታለቅሳለች።

ሩት ኤርካሎ ዘንድ ሄዳ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ አፌ ቢናገር ኖሮ አይታሰሩም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ኤርካሎ ያበጠ እጁን እያሻሸ አያት።

«እሱን ሌላ ቀን ነይና ጠይቂኝ፣ ልጄ» አላት። «አሁን ቤቴ ልግባ።»