ገመዱን ከግንዱ ያሰረው ሰው

የቀድሞው ወታደር ብርሃኑ የሞተው ራሱ በዘረጋው የሬዲዮ አንቴና ሥር ነው። እሑድ ጠዋት ሚስቱ ማርታ ውርጌሳ ለቅሶ አድራ ስትመለስ፣ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ግንድ አጠገብ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ማጅራቱ ተፈንክቷል። አሸዋ የተሞላ ቢጫ ጄሪካን ከትከሻው ጎን ተጋድሟል፤ ከጄሪካኑ እጀታ ላይ የቀረው የገመድ ቁራጭ በስለት የተቆረጠ ነው።

ሳጅን ሁሪያ ስትደርስ የመርሳው የፖሊስ አዛዥ ኢንስፔክተር እስራኤል ነገሩን በልቡ ጨርሶታል።

«ጎረቤቱ ነው፤ አብዱልሐሊም» አላት። «ዛፉ እዚህ ጓሮ ቢቆምም የእሱ ነው። ሽቦው መብረቅ ይጠራብኛል፣ አንድ ቀን ቆርጬ እጥለዋለሁ እያለ ሲዝት ያልሰማ የመርሳ ሰው የለም። ትናንት ማታ በዚያ ሁሉ ዝናብ መጥቶ ቆረጠው፤ ጄሪካኑ ሰውዬው ላይ ወረደ። ይዘነዋል። ማክሰኞ ጠዋት ወልድያ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ብርሃኑ በዚያ ዝናብ ዛፍ ሥር ምን ይሠራል?»

«ሽቦውን ሊያይ ወጥቶ ይሆናላ።»

ሁሪያ ወደ ሬሳው ዞረች። ሀብሩ ገጠር ማሽላ ስትኮተኩት ያደገች፣ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለች፣ ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ያገለገለች ሴት ናት። አንድ ነገር ካልገባት እስኪገባት ድረስ ከቦታው አትነቃነቅም፤ አለቆቿ የሚጠሏትም በዚሁ ነው። ሬሳውን ሲያነሱት ተንበርክካ ከሥሩ ያለውን አፈር ዘገነች። አቧራ ነው። በጣቶቿ መሃል አፈሰሰችው። ቅዳሜ ዝናቡ የጀመረው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ከነፋስና ከበረዶ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ወርዷል። ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው። ደረቅ የሆነው ብርሃኑ የተኛበት ብቻ ነው።

«ዝናቡ ሲመጣ ይሄ ሰው እዚሁ ወድቆ ነበር» አለች።

ቁስሉንም አየችው፤ ጠባብና ረጅም ነው። የጄሪካን ቂጥ ሰፊ ነው። ከአጥሩ ሥር አንድ ድጅኖ ወድቋል፤ ዝናቡ አጥቦት ያብረቀርቃል።

ከዚያ ቀና ብላ ዛፉን ተመለከተች። ከቅርንጫፉ ላይ ገመድ የሚሽከረከርበት ትንሽ የብረት መዘውር ታስሯል። ገመዱ በመዘውሩ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ተቆርጧል፤ ከጫፉ ከፍ ብሎ ግን ግንዱ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጣሪያውንና ዛፉን ያገናኝ የነበረው የመዳብ ሽቦ መሃሉ ላይ ተበጥሶ ግማሹ ቆርቆሮው ላይ ወድቋል፤ ግማሹ ከዛፉ ተንጠልጥሏል።

«አለቃ፣ ገመዱን ከግንዱ ያሰረው ማነው?»

«ማንስ ቢያስረው?»

«እሱን ነው የምጠይቀው።»

ማርታን ቤት ውስጥ አገኘቻት፤ ሴቶች ከብበዋታል።

«እህቴ፣ ጄሪካኑ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይል ነበር?»

ማርታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እዚህ ድረስ። አሸዋውን የምሞላው እኔ ነኝ።» ዓይኗን አነሳች። «ገዳዩን ይዛችሁት ስለ ጄሪካን ይጠይቁኛል? የእርስዎ ወገን ስለሆነ ነው አይደል?»

ከሴቶቹ አንዷ አንገቷን ደፋች፤ ሌላዋ ነጠላዋን አጣፋች። ሁሪያ ወሬው በሰዓታት ውስጥ መርሳን እንደሚያዳርስ አወቀች፤ እስላሟ ፖሊስ እስላሙን ልታስመልጥ ነው ይባላል። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

አብዱልሐሊም ጣቢያው ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ጋቢውን አንጥፎ ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ደግሞ አንቺን ላኩብኝ?»

«ማንም አልላከኝ። ዝተዋል ይባላል።»

«ዝቻለሁ። አልክድም። መብረቅ ላሜን ገድሎብኛል፤ ምን ልበል? ብርሃኑ ግን ሲስቅብኝ ይውልና ማታ ባትሪዬን ሞልቶ ይልክልኛል። ሰውዬው ክፉ አልነበረም።»

«ቢቆርጡት ኖሮ መልሰው ከግንዱ ያስሩት ነበር?»

ሽማግሌው እንደ ሞኝ አያት። «ለምን ብዬ? እንዲወድቅልኝ እኮ ነው የምፈልገው።»

«ቅዳሜ ሲመለሱ ምን ሰሙ?»

«ከአስር ሶላት ስመለስ፣ ያው ጉንፋኔ ነው፣ አጥሩ ጋ ሳልኩ። ከቤቱ ሬዲዮው ይንጫጫል፤ ሰው ይጮኻል። ብርሃኑ ነው ብዬ አለፍኩ።»

«ድምፁ የእሱ ነበር?»

«ሬዲዮ ላይ ሁሉም እንደ ጅብ ነው የሚጮኸው፤ አልለየሁትም።» ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ወልድያ እስር ቤት ከገባሁ በእግሬ አልወጣም።»

የብርሃኑ ቀብር እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈጸመ። ከደሴ ግርማ የሚባል መምህር መጣ፤ ከወልድያ የማርታ ታላቅ ወንድም ልዑል መጣ። ሁለቱና ሟቹ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው፣ ያለ ደሞዝ፣ ለፍቅሩ ሲሉ በሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ሦስት ወዳጆች ነበሩ። ሞባይል ገና ወሎ አልገባም፤ ከሰው የሚያገናኛቸው የሽቦ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ አንቴና ነው።

ሁሪያ ግርማን ዛፉ ሥር አቆመችው።

«ይሄ ጄሪካን ምን ያደርጋል? እንደማያውቅ ሰው ንገሩኝ።»

«ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል» አለ ግርማ። «ዛፉ ወደ ኋላ ሲሄድ ጄሪካኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ይወርዳል። ሽቦው ሁልጊዜ በልኩ ተወጥሮ ይቆያል፤ አይበጠስም። ብርሃኑ ሰባት ክረምት የቆየው በዚህ ነው። ገመዱን ከግንድ ካሰሩት ግን የመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ይበጥሰዋል።»

«እንደዚህ?»

ግርማ የተንጠለጠለውን ሽቦ ጫፍ ይዞ አየ። «አዎ፣ እንደዚህ።»

«ቅዳሜስ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ቀጠሮ አለን። ብርሃኑ አልመጣም። ልዑል ብቻ ነው ከወልድያ ያወራኝ። ይኸው መዝግቤዋለሁ፤ ከዐሥር ሰዓት ከዐሥር እስከ ዐሥር ተኩል። ድምፁ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎልኝ አያውቅም።»

«ከወልድያ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ራሱ ነው የነገረኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ሌላ በምን ይታወቃል?»

ልዑልን ድንኳኑ በር ላይ አገኘችው። በለቅሶ መሃልም ሱሪው ተተኩሷል። በወልድያ የሬዲዮና የአንቴና ዕቃ ይሸጣል።

«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ኮሚቴው አንቴና ሊመርጥ ነበር አሉኝ» አለችው።

«ነገ ነበር። ከደጋው ጎርፍ ሲነሳ ለቆላው ሰው የሚናገር ሬዲዮ ለአምስት ቀበሌ። ምርጫው በብርሃኑ ሽቦና በእኔ አሉሚኒየም መሃል ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰው በጄሪካን ጎርፍ ሊጠብቅ ያስባል?»

«የእርስዎስ ነፋስ ይችላል?»

«ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ አልተነቀነቀም። ቅዳሜ ከግርማ ጋር ያወራሁት በምን ሆነና?»

«ምናልባት ሽቦ ቢጤም ይኖርዎታል።»

«ሽቦ ምን ያደርግልኛል፣ ሳጅን? ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ይበቃኛል።»

ሰኞ ጠዋት ሁሪያ በሚኒባስ ወልድያ ወጣች። ለልዑል ቤት ያከራየችውን ወርቅነሽ የምትባል ባልቴት ሽሮ ስታሰጣ አገኘቻት።

«እማማ፣ የልዑልን አንቴና ለማየት ነው የመጣሁት።»

«የቱን? የወደቀውን?» አለች ባልቴቷ። «ሐሙስ ነፋሱ ገንድሶ ማድ ቤቴ ላይ ጣለው። ይኸውና ከጓሮ በሸራ ሸፍኖታል። ማንም እንዳይሰማ ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ ላንቺ ግን ፖሊስ ነሽ ብዬ ነው።»

ሁሪያ ሸራውን ገለጠችው። ቱቦዎቹ እንደ ማሽላ አገዳ ተጣምመዋል፤ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰንጥቀዋል። ጣሪያው ላይ ባዶ ምሰሶ ቆሟል።

«ይሄን ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ዓርብ ዕለት አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ወታደር ነገር፣ ከመርሳ ነው የመጣሁት ያለ። አየውና ቁጭ ብሎ አዘነ። ‹አማቼ ነው፣ እማማ፤ ግን ዝም ብል ሰው በጎርፍ ያልቃል› አለኝ። ሻይም አልጠጣልኝ።»

ማክሰኞ የብርሃኑ ሰልስት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል። የፖሊስ መኪናዋ አብዱልሐሊምን ኋላ ጭና ሞተሯን አስነስታለች። ሁሪያ እስራኤልን እጁን ይዛ አስቆመችው።

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ አለቃ።»

«ለቅሶ መሃል?»

«ሁሉም የተሰበሰበው እዚህ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ብርሃኑ የሞተው ዝናቡ ሳይመጣ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ጄሪካኑ አልገደለውም፤ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የቆመ ሰው ማጅራት ላይ አይወድቅም። ሰው ነው በድጅኖ የመታው። ከዚያ አብዱልሐሊም እንዲጠረጠር ገመዱን ቆረጠ። እስከዚህ ቀላል ነው። ግን የቆረጠውን ገመድ መልሶ ከግንዱ አሰረው። ለምን? አብዱልሐሊም ሽቦው እንዲወድቅ ነው የሚፈልገው። ማርታ ደግሞ ገመዱ ከታሰረ ነፋስ እንደሚበጥሰው ታውቃለች፤ ያውም ውርጌሳ ነበረች። ገመዱን ያሰረው ሰው ሽቦው ትንሽ እንዲቆምለት የፈለገ ነው። ሽቦ ቆሞ የሚፈልገው ደግሞ ሬዲዮ የሚያናግር ሰው ብቻ ነው።»

ግርማ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ልዑልን አየው።

«ሽማግሌው ከመስጊድ ሲመለስ እዚህ ቤት ሰው ይጮኽ ነበር። ብርሃኑ አይደለም፤ በቀጠሮው ሰዓት ግርማ አላገኘውም። በዚያው ሰዓት መምህር ግርማን ያናገረው አንድ ሰው ነው። ከወልድያ ነኝ አለ።»

«ወልድያ ነበርኩ» አለ ልዑል። «ግርማ ይመስክር።»

«ግርማ ድምፅዎን ነው የሰማው፤ ቤትዎን አላየም። በምን አንቴና ነው ያወሩት?»

ልዑል የሱሪውን መታጠፊያ አስተካከለ።

«እሑድ ስጠይቅዎ ነግረውኛል። አሉሚኒየሜ አልተነቀነቀም፣ ሌላም የለኝም ብለውኛል። እኔ ትናንት ወልድያ ነበርኩ። አንቴናዎ ሐሙስ ወድቆ ወርቅነሽ ጓሮ ሸራ ለብሷል። ቅዳሜ ከወልድያ የሚያናግርዎ ነገር አልነበረም። ያናገረዎት የብርሃኑ ሽቦ ነው።»

ልዑል ውሸቱን መመለስ ይችል ነበር፤ ወድቆብኝ ነበር፣ በሌላ ሽቦ ነው ያወራሁት ማለት ይችል ነበር። ግን ያንን ላለማለት ነበር ሰው የገደለው። አንዴ ግርማን፣ አንዴ ለለቅሶ የመጡትን የጎርፍ ኮሚቴ አባላት አየና ወደ ማርታ ዞረ።

«አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት» አለ በመጨረሻ፣ ለማርታ እንጂ ለሁሪያ አይደለም። «አጠንክሬ አቆመዋለሁ አልኩት። ሰኞ ለኮሚቴው እናገራለሁ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶ አሸዋውን ሊያይ ጎንበስ አለ። ድጅኖው ግንዱ ላይ ተደግፎ ነበር። ገመዱን ከቆረጥኩ በኋላ ነው የሬዲዮው ቀጠሮ ትዝ ያለኝ፤ ከወልድያ ነኝ ብዬ ካወራሁ ማን ይጠረጥረኛል ብዬ መልሼ አሰርኩት። አውርቼ ስጨርስ ልፈታው ነበር፤ ሽማግሌው ሲስል ሰማሁና ሸሸሁ።»

ማርታ አላለቀሰችም። «ትናንት እጄን ይዘህ አጽናንተኸኛል» አለችው። «በየትኛው እጅህ?»

እስራኤል በአንድ ቃል እንኳ ሁሪያን ሳያመሰግን ልዑልን ይዞ ወጣ። አብዱልሐሊምን ከመኪናዋ አወረዱት፤ እሱ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ሳይቀዘቅዝ ልዑል ተቀመጠበት። ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ለጎረቤቱ «ለራሷ ሰው ብላ ነው እንጂ» ሲል ሁሪያ ሰማች። ዞራ አላየችውም።

ማርታ ባዶ እግሯን እስከ መንገዱ ሄደች፤ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አብዱልሐሊም ክንዷን ይዞ አነሳት።

«ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል» አላት። «አንዴ መጥተሽ ‹እርስዎ ነዎት ወይ› ብትይኝ እኮ አይደለም እልሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አላህ ያጽናሽ። ቤቴ ግን እንዳትመጪ። ልጆቼም ወደ ቤትሽ አይመጡም።»

ጋቢውን አስተካክሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ። ማርታ መንገዱ መሃል ቆማ ቀረች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ለማን እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸው ይጠብቋታል።