መቶ አሥራ ስምንት ተማሪ፣ አንድ በር

የክፍሉ የብረት በር መቃኑን ሲመታ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ለስላሳ ነገር መሃል ገብቶበታል። ወዲያው ተማሪው ይሄነው ጮኸ።

ሩፋይዳ መዝጊያውን ለቀቀች። የልጁ ጣቶች ተጨፍልቀው ደሙ በክንዱ ይወርዳል። ከኋላው ያሉት ግን አላዩም፤ መግፋታቸውን አላቆሙም። በክርን እየተጎሻሸሙ፣ የወደቀውን እየረገጡ ገቡ።

የጎን ክፍሉ ግድግዳ በክረምቱ ከፈረሰ ወዲህ ስምንተኛ «ሀ» እና «ለ» አንድ ላይ ይማራሉ። መቶ አሥራ ስምንት ተማሪ፣ ሃያ ሁለት ዴስክ። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፤ የዘገየ ድንጋይ ላይ ይውላል። ተማሪ ሳይደማ የሚገባበት ጠዋት የለም። ትናንት ይሄነው ሩፋይዳን በጥፊ መትቶ፣ በሒጃቧ ጎትቶ ከዴስክ አውርዷታል። ዛሬ ቀድማው ገባች። እጁን መቃኑ ላይ አየችው። አይታው ነው በሩን በሁለት እጇ የወረወረችው።

ይሄነውን በባጃጅ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱት።

ረፋድ ላይ ተማሪ ሊቆጥሩ ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ሁለት ባለሙያዎች መጡ። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ በላይ ደም የነካውን መቃን አሳዩአቸው።

«ወረቀት ላይ ሲያዩት ቁጥር ነው» አሉ። «እዚህ ሲመጡ ይኸው ነው። በግፊያ የልጅ እጅ ደቀቀ።»

ሴቷ ባለሙያ ደሙን አይታ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «አራት ክፍል ዘንድሮ እንዲሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ። ያየ ተማሪ ካለ ነገ ጽፎ ይስጠኝ።»

አፍናን ጓደኛዋን ሩፋይዳን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጎትታ ወሰደቻት።

«አይቼሻለሁ» አለቻት። «ግን ግፊያ ነው በይ። ፀብ ነው ካልሽ ክፍሉም ይቀራል፣ አንቺም ትባረሪያለሽ።»

«ጣቱስ?»

«አታካብጂ። ብትናገሪ ይድናል?»

ሩፋይዳ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቁ ሆስፒታል ሄደች።

ይሄነው እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሁለት ጣት ተቆርጧል። እናቱ እትየ የትምወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ። እዚያ በር ላይ እንዴት ነው የምትተርፉት?»

ይሄነው ዓይኗን ሳያይ «ጋሽ በላይ መጥተው ስለ አራቱ ክፍል ነገሩኝ። ግፊያ ነው አልኳቸው» አላት።

በሩ ሲወረወር ፊቷን አይቷል ማለት ነው። አንድ ቃል ባትናገር ማንም አይጠይቃትም።

«እትየ» አለች፣ ሳትቀመጥ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እጁን አይቻለሁ።»

እትየ የትምወርቅ ቀስ ብለው ተነሡ። ጥፊው ጆሮዋን አደነቆረው። ሁለተኛው ከንፈሯን ሰነጠቀው። ሩፋይዳ እጇን ለመከላከል አላነሣችም። ሴትየዋ ሦስተኛውን ሳይሰነዝሩ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ይሄነው ግድግዳውን እያየ «አሁን ክፍሉን አይሠሩትም» አለ።

«ግፊያውንም እጽፈዋለሁ» አለች፣ ደሟን በእጇ ጠርጋ። «እሱም እውነት ነው። እኔ ያደረግሁትንም እጽፋለሁ።»