ስልኩን ያነሣው ሰው

ሁዘይፋ ኡስማን በሞተ በሠላሳ አራተኛው ቀን ከሐኪሙ ደብዳቤ ደረሰው።

ደብዳቤውን ይዛ ኮሪያታውን ወደሚባለው የሎስ አንጀለስ ሠፈር የመጣችው ባለቤቱ ሩመይሳ ነበረች። ሻምበል ሣህሊቱ በሩን ከፍተው ሲያይዋት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ሰልሰቢልን በአንድ እጇ ታቅፋ በሌላው ፖስታውን በጫፉ ይዛ ቆማለች። ሣህሊቱ ማዕረጋቸውን ያገኙት አዲስ አበባ፣ ወንጀል ምርመራ ክፍል ነው። ሎስ አንጀለስ ከገቡ በኋላ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በየሆስፒታሉ በአስተርጓሚነት አገልግለው በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው ሻምበልነቱን ቢረሱት የሐበሻው ሠፈር የፌርፋክስ ሰው አልረሳላቸውም።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ያንብቡልኝ» አለች ሩመይሳ። «እኔ አንብቤዋለሁ። ያነበብኩትን ግን አላመንኩም።»

ሣህሊቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ የታካሚው ስምና የትውልድ ቀን ሰፍሯል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1998። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ ኦክቶበር 7 ቀን በስልክ እንደ ገለጽንልዎ፣ አንጎልዎ ከሁለተኛው ግጭት አላገገመም፤ ሌላ ምት፣ ቀላልም ቢሆን፣ ሕይወትዎን ሊያሳጣዎ ስለሚችል ወደ ጨዋታ እንዳይመለሱ አስጠንቅቀናል። የቀጠሮዎ ቀን አልፏልና እባክዎ ይደውሉልን።

ሁዘይፋ የበረዶ ሆኪ አጥቂ ነበር። ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የትልቁ ሊግ መልማዮች በተገኙበት የሙከራ ጨዋታ ላይ አንድ ተከላካይ በትከሻው ገፋ አደረገው። ያዩት ሁሉ ቀላል ግፊያ ነበር ብለዋል። ሁዘይፋ ተነሥቶ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ሄደ፤ ተቀመጠ፤ ግንባሩን በጓንቱ ላይ አስደገፈ፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

«ማክሰኞ ዕለት ነግረውት ነበር ማለት ነው» አሉ ሣህሊቱ።

«እሱን አልነገሩትም። ማክሰኞ ማታ ቤት ሲገባ ‹ምርመራው ደህና ነው ተባለ› አለኝ። ይህን ብሎኝ አለቀሰ። የደስታ መስሎኝ እልል አልኩለት። ማን ነገረህ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።»

«ራሱ ሰምቶ ደብቆሽ ቢሆንስ?»

«እንዲህ እንደሚሉ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ደግሞ ደብዳቤውን ቢያይ ሚስቱ ሰምታ ደበቀችው ነው የሚለው። በለቅሶው፣ በተዕዝያው በሦስተኛው ቀን አባቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹ሚስቱ ናት ግፋ ብላ የላከችው› አሉ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስገባ ወሬ ይቆማል። እኔስ እችለዋለሁ። ይቺ ልጅ አድጋ አባትሽን እናትሽ ገደለችው ቢሏት ምን ብዬ ልመልስላት ነው?»

ሣህሊቱ ደብዳቤውን አጥፈው መለሱላት።

«ነገ ፓሳዴና፣ ክሊኒኩ ድረስ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

በክሊኒኩ፣ ሩመይሳ የሟች ሚስት መሆኗን የሚያሳየው ወረቀት ከታየ በኋላ፣ አንዲት አነስ ያለች ነርስ መዝገቡን ከፈተች። ስልኩን የደወለችው እሷ ራሷ ነበረች።

«እኩለ ቀን ካለፈ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሱ ቁጥር ደወልኩ» አለች። «ወንድ አነሣ። ‹ሁዘይፋ ነህ?› ስለው ‹ነኝ› አለ። እንደ ደንቡ የትውልድ ቀኑን ጠየቅሁ። መጀመሪያ ‹ጁላይ አሥራ ሁለት፣ 1996› አለኝ። ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም ስለው ትንሽ ዝም ብሎ፣ ‹ይቅርታ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ 1998› አለ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ስለሆነ አልገረመኝም። ከዚያ መልእክቱን ነግሬው እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ‹አልጫወትም› አለ። በጣም አመሰገነኝ።»

«ድምፁ እንዴት ነበር?»

ነርሷ አሰበች። «የደከመው ሰው ድምፅ። አነጋገሩ እንደ እርስዎ ነበር» ብላ ወደ ሣህሊቱ ስታመለክት አፈር አለች። «ማለቴ፣ እንግሊዝኛውን ያዝ የሚያደርግ።»

ሩመይሳ ወንበሩን ጨብጣ ተነሣች። ሣህሊቱ ሁለቱን ቀኖች በማስታወሻቸው ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፉ።

ፍሬው የሁዘይፋ አብሮ አደግና ወኪሉ ነው። ሚራክል ማይል በሚባለው ሠፈር ከሚሠራበት ሕንፃ ሥር፣ በደረጃው ላይ ቆሞ አነጋገራቸው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ ማለቱ ሣህሊቱን ቢያስቆጣቸውም ዋጥ አደረጉት።

«ሶ፣ አንቺ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«እኔ የምጠይቀው ስልኩ የት እንደ ነበረ ነው።»

«አባቱ ሱቅ ነበራ። ከተመታ ጀምሮ የስልክ ብርሃን ዓይኑን ያመው ነበር። ጠዋት ሱቅ ጥሎት ይሄዳል፣ ማታ ይወስደዋል። ማክሰኞ እኔና እሱ ሪንኩ፣ የበረዶ ሜዳው ላይ ነበርን። አሠልጣኙ ብቻውን ቀስ ብሎ እንዲንሸራተት ፈቅዶለት ከቀኑ አምስት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል በረዶው ላይ ነበር። ካላመንሽኝ አሠልጣኙን ኮል አድርጊው።»

ሣህሊቱ እዚያው ደወሉ። አሠልጣኙ ሰዓቱን ከመዝገቡ አነበበላቸው፤ ፍሬው ግን ከእይታው ውጭ በመቀመጫዎቹ መካከል እንደ ነበረም ጨመረ።

«አየሽ፣ አሁንም አልለቀቅሽኝም» አለ ፍሬው ፊታቸውን አይቶ።

«ስለ ጨዋታው ንገረኝ። እኔ ሆኪ አላውቅም።»

የፍሬው ድምፅ ለሰለሰ። «አባቱ ሪንክ ያጸዱ ነበር፤ ልጁን ጎህ ሳይቀድ ይዘውት ይመጡና በነጻ ይንሸራተታል። እኔም እዚያ ነው ያገኘሁት። ከስምንት ዓመት በታች ስንጫወት ማንም አያቆመውም ነበር። ከሁላችን አንድ ጭንቅላት ይረዝማል፤ በትከሻው ሲነካን እንበተናለን። ጋዜጣ ላይ ወጣ። አሥራ ሰባት ሲሞላን ግን ሁላችንም እኩል ሆንን። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት የታችኛው ሊግ ነው፤ አሥር ሰዓት የሚፈጅ የአውቶቡስ ጉዞ፣ የተሰበረ ጥርስ። ትልቁ ሊግ ሁለት ጊዜ ጠርቶት ሁለቱንም ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተመለሰው። አባቱ ግን በየሳምንቱ ‹መቼ ነው?› ይሉኛል።»

«እሱስ?»

«እሱ ያን ሳምንት የሐኪሙን ስልክ ሲጠብቅ ነበር» አለ ፍሬው፤ ቀጠል ሊያደርግ አሰበና ተወው።

«የተወለደበትን ቀን ታውቀዋለህ?»

«ጃንዋሪ አንድ፣ 1998። ስንት ኮንትራት ሞልቼለታለሁ፤ በእንቅልፌም ብትጠይቂኝ አልስተውም።»

የኡስማን ሱቅ ፌርፋክስ ላይ ነው። ከሚዛኑ በላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ማሊያና በነጭ ፕላስተር የተጠቀለለ የሆኪ ዱላ ተሰቅሏል። የሁዘይፋ ታናሽ ወንድም ሀምዳን የበርበሬ ከረጢት ሲደረድር አገኙት።

«ማክሰኞ ቫኑን ድራይቭ እያደረግሁ ዕቃ ሳደርስ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ስልኩን ያየሁት ጠዋት ብቻ ነው። ቻርጀር ላይ ነበር።»

«ከወንድምህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«እዚህ ቤት እሱ ነበር የተወለደው፤ እኔ ዕቃ አመላላሽ ነኝ። ልደቱን እንኳ ሙሉ አሜሪካ ነው ርችት የሚተኩስለት።»

«እንዴት?»

«ጃንዋሪ አንድ፣ ናይንቲ ኤይት። ግማሹ ሐበሻ በዚያ ቀን አይደል የተወለደው፣ እትዬ? ኤምባሲ ነው የሚያዋልደን።»

ኡስማን ከጓዳ ሲወጡ ሀምዳን ወደ ከረጢቶቹ ተመለሰ። ሽማግሌው ጢማቸው ተስተካክሎ፣ ኮታቸው ተቆልፎ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

«ስልኩስ፣ ጋሽ ኡስማን?» አሉ ሣህሊቱ ከማጽናናቱ በኋላ።

«ያን ቀን ፍሬው ወስዶት ነበር መሰለኝ። እኔ ለዙህር ሶላት መስጊድ ነበርኩ።» ወዲያው ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጡ። «ሻምበል፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይህ የመቃብሩ ድንጋይ ናሙና ነው። ጠራቢው አማርኛ አያውቅም። ፊደሉን ይዩልኝ።»

ሣህሊቱ አነበቡ። ፊደሉ አንድም አልተሳሳተም። ከስሙ ሥር ያለው ዓመት 1996–2025 ይላል።

«ዓመቱንም በደንብ አዩት?»

«እኔ ወልጄው እሳሳታለሁ?» አሉ ኡስማን።

ሣህሊቱ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱ። በሆስፒታል ያሳለፉት ዘመን ሁሉ በዚያች ቅጽበት መጣባቸው። በየኮሪደሩ ክንዳቸውን ይዘው «አደራ፣ ለእሱ አይንገሩት፤ ይዳን፣ ይብላ፣ ልጁ ይዳር፤ ከዚያ በኋላ» ያሏቸው አባቶችና ሚስቶች ብዙ ነበሩ። ሣህሊቱ እምቢ ይሉ ነበር። ሁልጊዜ ግን አልነበረም።

በአርባው ቀን የዱዓው እንግዶች ከዐስር ሶላት በኋላ የሱቁን ፊት ሞልተው ተቀመጡ። ሣህሊቱ ቤተሰቡንና ፍሬውን ወደ ጓዳው ጠርተው በሩን መለስ አደረጉ። ሩመይሳ ልጇን አቅፋ በሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ኡስማን ቆመው ቀሩ።

«አጭር ነው» አሉ ሣህሊቱ። «ማክሰኞ ኦክቶበር 7 ከፓሳዴና ተደወለ። ‹ከተጫወትክ ትሞታለህ› ተባለ። ስልኩን ያነሣው ሰው ‹ሁዘይፋ ነኝ› ብሎ መልእክቱን ተቀብሎ ዋጠው። ሩመይሳ አይደለችም፤ ድምፁ የወንድ ነው። ሁዘይፋም አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በበረዶው ላይ እንደ ነበረ አሠልጣኙ መዝግቧል። ሦስት ወንዶች ቀሩ።»

«እኔን ነዋ» አለ ፍሬው።

«አንተ መቀመጫ ላይ ነበርክ፤ ሀምዳን መኪና ላይ፣ ጋሽ ኡስማን መስጊድ። ሦስታችሁንም ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ሰዓቱን ትቼ ነርሷ የሰማችውን ያዝኩ። የትውልድ ቀን ስትጠይቀው ሰውየው መጀመሪያ የተናገረው 1996 ነው። ታረመና 1998 አለ።»

ሀምዳን ራሱን ነቀነቀ። «ዝም ብሎ ቢሳሳትስ?»

«በስሕተት የመጣ ቀን ቢሆን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አይጻፍም። ጁላይ 1996 የሁዘይፋ ትክክለኛ ልደቱ ነው። አንተና ፍሬው የምታውቁት የወረቀቱን ብቻ ነው፤ ሁለታችሁም ሳታመነቱ ነገራችሁኝ። በሌላ ሰው ስም የሚዋሽ ሰው ያጠናውን ይናገራል። በድንጋጤ እውነቱ የሚያመልጠው፣ ያን ቀን በደጅ ቆሞ የሕፃን ጩኸት የሰማ ሰው ብቻ ነው።»

ፍሬው ቀስ ብሎ ወደ ኡስማን ዞረ። «ከስምንት ዓመት በታች ስንጫወት...»

«ዐሥር ሊሞላው ነበር» አሉ ሣህሊቱ። «አንድ ጭንቅላት የረዘመው ስለዚህ ነው።»

«ለሆኪ አልነበረም» አሉ ኡስማን፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ቪዛው ሲሞላ ሁለት ዓመት የቀነስኩለት ትምህርት ቤት እንዳይከብደው ነው። ኋላ ልጁ በለጠ። ሰዎች ሲያጨበጭቡለት ‹ዕድሜው ነው› ብዬ ልንገራቸው?»

«ስልኩንስ?»

ሽማግሌው ወደ ተዘጋው በር ተመለከቱ። «አራት ቀን ነው የቀረው። መልማዮቹ ሃያ ሰባት ነው ብለው ያስባሉ፤ እኔ ሃያ ዘጠኝ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሌላ ዕድል አልነበረውም። ክፉ ወሬ ለመንገደኛ አይነገርም። ከጨዋታው በኋላ አስቀምጬ ልነግረው ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ሲመጣ ምን አሉት?»

«‹ሐኪሙ ደወለ ወይ?› አለኝ። ‹ደህና ነህ ብለዋል› አልኩት። አቀፈኝ።»

ፍሬው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። «ያን ቀን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ» አለ ለሣህሊቱ፤ ከዚያ አቋሙን አስተካክሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ እሱ ማቆም ነበር የፈለገው። ሁለት ዓመት ሙሉ። ‹እኔ በቃኝ ካልኩት አባቴ ይሰበራል፤ ሐኪም ካለው ግን የአላህ ነው ይላል› አለኝ። ለዚያ ነው ስልኩን ይጠብቅ የነበረው። አቁም እንዲሉት።»

ሩመይሳ እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ያን ማታ እልል ያለችበትን አፍ። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ እሷ እልልታዋን ስትጨርስ፣ እንባውን ጠርጎ ፈገግ ሊልላት እንደ ሞከረ አሁን ገና ታያት።

ኡስማን እንደ ቀድሞው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እጃቸው ብቻ የኮታቸውን ቁልፍ እየፈታ መልሶ ይቆልፋል።

«ለፖሊስ ትሰጪኛለሽ?» አሉ ምራታቸውን።

«የሐኪሙ ደብዳቤ ከእኔ ጋር ይቆያል፤ ገና አላሰብኩበትም» አለች ሩመይሳ። «ስለ እኔ የተናገሩትን ግን እዚያ ነው የተናገሩት።» በአገጯ ወደ ሱቁ ፊት አመለከተች። «ሰዎቹም እነዚያው ናቸው።»

«ዛሬ ዱዓው ነው፣ ልጄ። እንግዶቹ ይብሉ። ከዚያ በኋላ...»

«አይሆንም፣ ጋሽ ኡስማን» አሉ ሣህሊቱ። «አሁን ነው።»

በሩን የከፈተው ሀምዳን ነበር። ኡስማን ወጥተው ከማሊያው ሥር ቆሙ። ንግግሩ ጋብ አለ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጥቂት ቃላት ተናገሩ።

«አልሰማንም፣ ጋሽ ኡስማን» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው።

ኡስማን እንደገና ጀመሩ።