እትዬ ዙቤዳ የመረጧት ካርታ

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእርግጥ ሆኗል። ፈጠራ ነው ብትሉም አልቀየማችሁም። ግን እናቴ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ቀይ አሸዋ የያዘ ብልቃጥ አለ።

አሰላ ውስጥ እንዲህ ያለ አሸዋ የለም...

ሐምሌ 1977 ዓ.ም. ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም። የጭላሎ ጉም ወደ ከተማው ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባህር ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር።

ነገሩ የደረሰው በአጎቴ በኃይለመስቀል ላይ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እሱ እንደነገረኝ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ኃይለመስቀል አንድ ምስጢር ነበረው።

ስዊድኖቹ ለእርሻ ሥራ አሰላ በነበሩበት ዘመን አንዱ ደንበኛው ነበር። ሰውየው አገሩ ሲገባ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ የመጫወቻ ካርታ ትቶለት ሄደ። ከካርታው ጋር አንድ ጥበብም አስተምሮታል። ሰው ራሱ የመረጠ እየመሰለው፣ አንተ የፈለግካትን ካርታ እንዲያነሳ ማድረግ።

ኃይለመስቀል "ማስያዝ" ይለዋል።

ማስያዣው ደግሞ እንደ ሰውየው ይመረጣል። ችኩል ከሆነ ካርታውን ትዘረጋለታለህ፤ እጁን ሲሰድ የፈለግካትን ጣቱ ስር ታደርሳታለህ። ማዘዝ የሚወድ ከሆነ ለሁለት ከፍለህ "አንዱን ምረጥ" ትለዋለህ፤ የትኛውንም ቢነካ ይውሰደው ወይስ ይተወው የምትለው አንተ ነህ።

ተጠራጣሪ ከሆነ ግን... ክምሩን ራሱ ለሁለት ይቁረጥ። የገዛ እጁን የሚጠረጥር ሰው የለም።

ይህን የሚያውቀው ታናሽ ወንድሙ ደጉ ብቻ ነበር። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደጉን ያሳደገው ኃይለመስቀል ነው። ከዓይኑ ብሌን አብልጦ ይሳሳለታል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲመለምል ከሰፈራቸው ከተጠየቀው ቁጥር አንድ ሰው ጎደለ። የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዱ ደጉ፣ ሌላው ሁሴኖ።

ሁሴኖ የጎረቤታቸው የባለሱቋ የእትዬ ዙቤዳ አንድ ልጅ ነው። እትዬ ዙቤዳ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያላቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፍሰሐ ሁለቱንም ቤተሰብ ቢሮው ጠርቶ ዕጣ ይውጣ አለ። ሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ስም ጽፎ ሲጠቀልል እትዬ ዙቤዳ ከለከሉት።

"ፊደል አላውቅም፣ ኃይሌ" አሉ ወደ አጎቴ ዞረው። "ወረቀቱ ላይ የማንን ስም እንደጻፈ በምን አውቃለሁ? ቀይና ጥቁር ግን እለያለሁ። ያንን ካርታህን አምጣ። አንተ ያዝ፣ እኔ ልምረጥ።"

ጓድ ፍሰሐም ተስማማ። ቀይ ከወጣ ሁሴኖ ይቀራል፣ ደጉ ይሄዳል። ጥቁር ከወጣ ሁሴኖ ይሄዳል።

ኃይለመስቀል ካርታውን ሊያመጣ ፀጉር ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር አላሰበም... የትኛው ማስያዣ እንደሚሻል ብቻ ነበር የሚያስበው።

ጥቁር አበባ ዘጠኝን ከሁሉም በላይ አድርጎ ተመለሰ።

በወዘው። ሲበውዝ ግን የላይኛዋ ካርታ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

እትዬ ዙቤዳ "ቢስሚላሂ" ብለው ከመሃል ቆረጡ። ያነሱትን ክምር ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ኃይለመስቀል የቀረውን "የቆረጡበት እንዳይጠፋ" ብሎ በላዩ አጋደመው።

ከዚያ ዓይናቸውን ከካርታው እንዲያነሱ ማድረግ ነበረበት።

"እትዬ፣ ሁሴኖን አንዴ ይዩት" አላቸው።

አዩት። ሁሴኖ አግዳሚ ወንበር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር በልጅነቱ በር ጨፍልቆት ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። እናቱ ሲያዩት ፈገግ አለላቸው።

ኃይለመስቀል የተጋደመውን ክምር አነሳ። "የቆረጡት እዚህ ጋ ነው። የላይኛዋን ያንሷት።"

መጀመሪያውኑ ከላይ የነበረችው ናት። እሳቸው ግን ከመሃል የወጣች መሰላቸው።

ጥቁር ነበረች።

እትዬ ዙቤዳ ካርታዋን ደረታቸው ውስጥ ሸጎጧት። "እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኳት" አሉ በሹክሹክታ። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ደጉ ፊቱን አዞረ።

ሁሴኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀይ አሸዋው በረሃ ዘመተ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ደጉ ተረፈ። ከወንድሙ ጋር ግን እንደ ድሮው መጫወት ተወ። ካርታው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ።

እንግዲህ ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ።

ኃይለመስቀል ከፀጉር ቤቱ በጓሮ በር ወጥቶ የቆሸሸ ውሃ ደፍቶ ሲመለስ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘ። የወታደር ካፖርት ለብሷል። አንገቱን ደፍቷል።

በሩ ሲከፈት አልሰማም...

ውጭ ያካፋል። ካፖርቱ ግን ደረቅ ነበር።

"ደህና ዋልክ፣ ወንድሜ" አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ኃይለመስቀል ነጩን ጨርቅ አለበሰውና ከግራ በኩል መቁረጥ ጀመረ። አንገቱን ሲነካው የወንዝ ድንጋይ የነካ መሰለው።

ከፀጉሩ ውስጥ አሸዋ ይረግፋል። ቀይ አሸዋ።

መስታወቱን በፎጣ ወለወለ። ጉም ነገር ሸፍኖት የሰውየው ፊት አይታይም። ደግሞ ወለወለው። የራሱ ፊት ጥርት ብሎ ታየው። የሰውየው ግን አሁንም እንደተሸፈነ ነው።

"ኃይሌ..." አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

"አቤት።"

"ለተጠራጣሪ ሰው የትኛው ይሻላል?"

መቀሱ አየር ላይ ቀረ።

"ምኑ?"

"ማስያዣው።"

ይህን ቃል ከደጉ በቀር ለሰው ነግሮ አያውቅም።  ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

ሰውየው እጁን ከጨርቁ ስር አወጣ። መዳፉ ላይ ጀርባው ሰማያዊ የሆነ የካርታ ክምር አለ። ኃይለመስቀል መሳቢያውን አየ። እንደተቆለፈ ነው።

"ላንተስ የትኛው ይሻላል?" አለ ሰውየው። "ራስህ በውዝ። ራስህ ቁረጥ። ያሻህን ምረጥ።"

አጎቴ ለምን እንደተቀበለው እስከ ዕድሜው መጨረሻ አላወቀም። ግን ተቀበለው። የሚያውቀውን ማምለጫ ሁሉ ተጠቀመ። ደጋግሞ በወዘ። ቆረጠ። እንደገና ቆረጠ። የላይኛዋን አልነካም፣ የታችኛዋንም አልነካም። ዓይኑን ጨፍኖ ከመሃል አንዷን መዘዘ።

ጥቁር አበባ ዘጠኝ።

ያቺ ካርታ እትዬ ዙቤዳ ደረት ውስጥ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክምሩ ውስጥ ኖራ አታውቅም።

"ማን አስገደደህ?" አለ ሰውየው።

"ማንም" የሚለው ቃል ከአፉ አመለጠው።

"ቀይ ይቀራል..." አለ ሰውየው። "ጥቁር ይሄዳል።"

ያኔ ነው ኃይለመስቀል ካርታውን የዘረጋለትን እጅ ልብ ብሎ ያየው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነው።

መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንስቶ ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነበር። ነጩ ጨርቅ ላይ የተቆረጠ ፀጉርና ቀይ አሸዋ ቀርቷል። የቆረጠው የግራውን ጎን ብቻ ነው።

እየሮጠ እትዬ ዙቤዳ ሱቅ ገባ።

"እትዬ... ካርታዋ አለች?"

አልደነገጡም። ሲጠብቁት የዋሉ ይመስላሉ። ከደረታቸው አውጥተው ባንኮው ላይ አኖሯት።

ቀይ ነበረች።

"ጠዋት ሳያት እንዲህ ሆናለች" አሉ በለሆሳስ። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት። "ሁሴኖ መጣ እንዴ? ፀጉሩን ሳይስተካከል ቤት አይመጣም፤ አንተ ጋ ነው መጀመሪያ የሚገባው።"

አጎቴ ወደ ቤቱ ሮጠ። ደጉ የለም። ጎረቤት ሲጠይቅ ወደ ቀበሌ ሄዷል አሉት።

የአዲሱ ዙር ምልምሎች የሚነሱት ያን ዕለት ነበር። ኃይለመስቀል ሲደርስ ደጉ ጭነት መኪናው ላይ ተሳፍሯል። ማንም አልጠራውም። ራሱ መጥቶ "መዝግቡኝ" እንዳለ ጓድ ፍሰሐ እየተገረመ ነገረው።

"ውረድ" አለው ኃይለመስቀል መኪናውን ተንጠላጥሎ። "ደጉ፣ በአባባ ሞት፣ ውረድ።"

ደጉ ዝቅ ብሎ ጆሮው ላይ ተናገረ።

"እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ወንድም ጋሼ።"

እጁ ውስጥ አንዲት ካርታ ይዟል። ጀርባዋ ሰማያዊ ነው። ገልብጦ አላሳየውም። መኪናው ተነሳ፣ ጉሙም ዋጠው። ኃይለመስቀል መንገዱ መሃል ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ደጉ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እናቴ ፎቶውን ግድግዳ ላይ መስቀል አልቻለችም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

የመጨረሻው ነገር ይኸውና። 

በማግሥቱ ጠዋት ፀጉር ቤቱን ከፍቶ የትናንቱን አሸዋ እየጠረገ ነበር። ጉሙ አሁንም አልተነሳም። እትዬ ዙቤዳ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ፊታቸው ላይ ከዓመት በፊት ያየው ፈገግታ ተመልሷል።

"ኃይሌ" አሉት ቀስ ብለው። "የቀኙን ጎን አልጨረስክለትም እኮ።"

ከኋላቸው፣ ደረጃው ላይ፣ ቀይ አሸዋ የለበሰ ጥንድ የወታደር ጫማ ቆሟል።

ከጫማው በላይ ጉም ብቻ ነበር።

አጎቴ ወንበሩን በፎጣ ጠረገ... መቀሱንም አነሳ።