ውሃ ያልጎደለው ራዲያተር

መቶ አለቃ ቢያዝን ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ወዳለው ጋራዥ ሲደርስ፣ ክንዱ የተባለው ዋናው መካኒክ ለውድድር በተዘጋጀው የጭነት መኪና ፊት ተንጋሎ ሞቷል። ፊቱ በፈላ ውሃ ተልጧል፤ ቀኝ እጁ የራዲያተሩን ክዳን ይዟል። ጊዜው ነሐሴ 1976፣ ቀኑ እሑድ ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ይባላል፤ መኪናውም ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ውሃ ሳያፈላ የዓባይን በረሃ ዳገት እንዲወጣ ለውድድር ተመዝግቧል።

የጋራዡ ኃላፊ ጓድ አምሐ ነገሩን ቀድመው ቋጭተውታል።

«አደጋ ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን ከፈተ፤ የፈላው ውሃ ፊቱ ላይ ተፋበት፤ ወደ ኋላ ሲወድቅ የብረት ማሰሪያው ሞርሳ መታው። በቃ!»

ቢያዝን የዱርቤቴ ገበሬ ልጅ ነው፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዋጋ ሳይጠራ ዙሪያውን ማየት ይወዳል። ሞርሳውን ዳሰሰ፤ ቅባት እንጂ ደም የለበትም። የሟቹ ማጅራት ተሰብሯል። ሸሚዙ ርሷል፤ እድፍ ግን አልነካውም። ከግድግዳው ሥር የሞተር ማስነሻው ማንቬላ ታጥቦ ተቀምጧል። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ከኃላፊው እጅ ሌላ ንጹሕ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«ይህ ሰው ተገድሏል» አለ ቢያዝን።

አምሐ ጊዜ አላጠፉም። በር ላይ ጠመንጃ ይዞ ወደቆመው ጥበቃ ወደ ገብረ መስቀል ዞረው ጮኹ።

«እንግዲያው አሻጥር ነው! ገዳዩ ሳይያዝ ማንም ሰው ከዚህ ግቢ እንዳይወጣ! ከውጭ ቆልፍ!»

ሰንሰለቱ ተንኳኳ። ቀጥለው ስልክ ደወሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። የማን መኪና እንደሆነ የጠየቀ የለም። በያጇ ባንቺአየሁ ብቻ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ወንድሟ ከሰባት ዓመት በፊት በእንዲህ ያለ መኪና ሄዶ አልተመለሰም። ሬሳውን ያገኘችው ደግሞ እሷ ናት፤ አምሐም ስልኩ ላይ የጠሩት ስም የእሷ ነበር። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል።

ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ የነበሩት ኃላፊው፣ በያጇና ሹፌሩ አለበል ናቸው። ግንቡ ረጅም ነው፤ በሐይቁ በኩል ደንገልና ረግረግ ነው። ገብረ መስቀል ማንንም አላስገባም፤ ራሱም ለዳቦ በተሰለፈ ሕዝብ ፊት ከበሩ አልተነቃነቀም።

ቢያዝን ባንቺአየሁ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ክንዱ ምን ይሠራ ነበር?»

«ማቅለል ነዋ፣ መቶ አለቃ። የዚህ ሞተር ማቀዝቀዣ አሥራ አንድ የጎማ ቱቦ ነበረው፤ ጋሼ ወደ አራት አወረደው። ‹መጋጠሚያ ሲበዛ ማንጠባጠቢያ ይበዛል› ይላል።» እንባዋ መጣ። «ይል ነበር። ከካቢናው ጀርባ የውሃ ጋን ሰቀለ። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ክዳኑ የሚገጠምበትን የራዲያተሩን የፊት አንገት ‹ዝጊው፣ በጋኑ እንሞላለን› አለኝ። ከሥሩ ቆርቆሮ በየድሁበት። ክዳኑን ለአቧራ ብለን መለስነው።»

«ማን አየ?»

«አለበል እየያዘልኝ ነበር። ጓድ አምሐ ስብሰባ ሄደው ነበር።»

ቢያዝን ጣቱን ወደ ራዲያተሩ አንገት ሰደደ። ደረቅ ነው፤ የብየዳ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። ወደ ጋኑ ወጥቶ ከፈተው። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ውሃውም ከዝገት ብዛት ቀይ ነው።

የአንበሳሜው ሰው አለበል ግን አልናገር አለ።

«አፍ ያለው ይታሰራል፣ ጌታዬ።»

«ዝም ያለውም ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል።»

አለበል ወደ ቢሮው መስኮት አየ። «እዚያ ውስጥ የተሰቀለው ንድፍ የጋሼ ክንዱ ነው። የተጻፈበት ስም ግን የሌላ ሰው ነው። ጋሼ ‹ለውድድሩ ዳኞች እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለራሱ እነግረዋለሁ› አለኝ። ዛሬ ጠዋት ነው ያለኝ። ተው አልሁት፤ እምቢ አለ።»

ቢያዝን ቢሮ ገባ። ንድፉ ሥር «የፈጠራው ባለቤት፦ ጓድ አምሐ» ይላል። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ አለ፤ ባዶ ነው፣ ሆዱ ግን ገና ለብ ይላል። ብርጭቆዎቹ ደረቅ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሁሉንም መኪናው ፊት ሰበሰባቸው። ገብረ መስቀል በበሩ ፍርግርግ ያያል።

«ጓድ አምሐ፣ የፈጠራው ባለቤት እርስዎ ነዎት። እስቲ ውሃ ይሙሉልን።»

«ይኼ ደግሞ ምን ይባላል?» አምሐ ውሃ የሞላውን ጣሳ ከቢያዝን ተቀብለው የራዲያተሩ አንገት ላይ ደፉት። ውሃው አልገባም፤ ሞልቶ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።



«ትናንት ከሰዓት ተበይዷል» አለ ቢያዝን። «ስለዚህ ራዲያተሩ በዚህ በኩል ክንዱ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ሊተፋ አይችልም። ክዳኑን እጁ ውስጥ ያስቀመጠው መበየዱን የማያውቅ ሰው ነው። ባንቺአየሁ በይዳዋለች፤ አለበል ይዞላታል። ከጋኑም ውሃ አልጎደለም፤ ያለውም ቀይ ነው፤ የሟቹ ሸሚዝ ግን ቀይ አልነካውም። ፊቱን ያቃጠለው የሻይ ውሃዎ ነው። ያፈሉት ውሃ በአንድም ብርጭቆ አልተቀዳም። ጠዋት መጥቶ እውነቱን እናገራለሁ አለዎት፤ ጀርባውን ሲሰጥዎ በማንቬላ መቱት። ንድፉን ወስደዋል፤ ክንዱ ግን ማቅለሉን አላቆመም ነበር።»

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርበት። አምሐ ጣሳውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ።

«ክፈት! ክፈት እልሃለሁ!»

ገብረ መስቀል ቁልፉን ይዞ አልተነቃነቀም። «ገዳዩ ሳይያዝ ማንም እንዳይወጣ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ጓድ?»

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» አለ አለበል በሹክሹክታ።

ቢያዝን ደርሶ የአምሐን ክንድ ጨበጠ። «አሁን ተይዟል። ክፈት።»

መኪናው ልክ በስድስት ሰዓት መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው የባንቺአየሁን ስም ጠሩ። እሷ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ቢያዝን አምሐን ወደፊት ገፋው፤ የገዳዩን ማንነት ጽፎ የፈረመበትን ወረቀትም አስጨበጣቸው። ሰዎቹ ወረቀቱን አንብበው፣ እርስ በርስ ተያይተው አምሐን ጫኑት።

ባንቺአየሁ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ክንዱ አጠገብ ተንበርክካ፣ የደረቁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍታ ያን የማይረባ ክዳን ከእጁ አወጣችለት።