ለጨዋታ የቀለለ መሪ

ወላጆች፣ ልጅ በጎበዘበት ነገር መኩራት ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል? ግን ኩራት አንዳንዴ ዓይን ይጋርዳል። ዓይኑ የተጋረደ ሰው ደግሞ የመኪና ቁልፍ ሲያቀብል ለማን እንደሚያቀብል አያይም። ይህን የምለው ማንንም በነገር ለመውጋት አይደለም። በሰፈራችን የሆነውን፣ ሁላችንም ቆመን የቀበርንበትን ነገር ልነግራችሁ ነው።

አናጺውን በሰፈራችን የማያውቀው የለም። እንጨት ሲመርጥ ያንኳኳዋል፣ ያሸተዋል፣ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ያየዋል። ደንበኛ ቢቸኩልበት «እንጨት ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፤ ሲጣመም ደግሞ ስሜን ይዞ ነው የሚጣመመው» ብሎ ይመልሰዋል። በሥራው እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው በአንድ ነገር ብቻ ልቡ ይላላ ነበር፤ በልጁ።

ልጁ አንድ ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እየፈለገ ነበር። ጓደኞቹ «ነፋሱ» ይሉታል። ስሙ ከእግሩ ፍጥነት የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ እናቱ ውኃ አቀብለኝ ብትለው እስኪነሳ ጥሟ ይረሳል። ነፋስ የሚሆነው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ፣ የመኪና ውድድር ጌም ሲጫወት ነው። ጠጪ አይደለ፣ ተደባዳቢ አይደለ፤ ፍቅሩ ይኼው ብቻ ነበር።

ሰፈር የለቀቀ አንድ ጓደኛው የጌም መሪውን ከነፔዳሎቹና ከነማርሹ ትቶለት ሲሄድ ቤቱ ሠርግ መሰለ። አናጺው ራሱ ከወርክሾፑ ጣውላ አምጥቶ ማስቀመጫ ሠራለት፣ መሪውን በሞርሳ አጥብቆ አሰረ፣ ፔዳሎቹ እንዳይንሸራተቱ ከሥራቸው ጎማ ለጠፈ። ከዚያም ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ በስክሪኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ እያስነካ መሪውን ልክ እንደ ራሱ ፒካፕ አደረገው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ደጋግሞ መዞር የሚፈልግ፣ ኩርባ ላይ ከእጅ ጋር የሚታገል፣ ፍሬኑም ጠንከር ተደርጎ ካልተረገጠ የማይዝ።

«መኪና ማለት እንዲህ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ካልታገልከው አይታዘዝህም።»

ነፋሱ ግን በዚያ መሪ ይሸነፍ ጀመር። በኢንተርኔት የሚወዳደሩት ልጆች ጥለውት ይሄዳሉ፤ እሱ ገና መሪውን ሲያዞር እነሱ ኩርባውን ጨርሰዋል። ተበሳጨና ማስተካከያውን ከፈተው። መሪው ትንሽ ዞር ሲል መኪናዋ ሙሉ በሙሉ እንድትታጠፍ አደረገ። ክንዱን የሚያዝለውን ትግል ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አድርጎ ከነጭራሹ አጠፋው። ፍሬኑንም ነካ ሲደረግ እስከ መጨረሻው እንደተረገጠ እንዲቆጠርለት አቀለለው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! አባቱም ማስተካከያው መለወጡን አላወቀም፤ ሊያውቅም አልፈለገም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ኑ፣ ልጄ ሲነዳ እዩ» እያለ ከኋላው ያቆማቸዋል።

አናጺው ታናሽ እህት አለችው፤ የመንጃ ማሰልጠኛ አሰልጣኝ ናት። መሪ ጨብጦ ከሚንቀጠቀጥ ሰው አጠገብ ተቀምጣ የምትውል፣ ሳቂታ፣ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት። አንድ እሑድ ልትጠይቃቸው ብትመጣ ወንድሟ ጎትቶ መሪው ፊት አስቀመጣት። እንደለመደችው አዞረችው። በስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ተሽከርክራ ግንብ ውስጥ ገባች።

«አሰልጣኟ ወደቀች!» አለ አናጺው ሆዱን ይዞ።

እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ መሪውን እንደገና በቀስታ ሞከረችው፣ ፍሬኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ ሳቋ ጠፋ።

«ማነው እንዲህ ያቀለለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ነፋሱ። «እንዲያ ካልሆነ ልጆቹ አይቻሉም እኮ፣ አክስቴ።»

«ለጨዋታው ደግ አደረግህ፤ ጨዋታ ነው። አንድ ነገር ግን ያዝልኝ የኔ ጌታ። እጅና እግር የሚያደርጉት የለመዱትን ነው። ሰው ሲደነግጥ የሚያስብበት ጊዜ አያገኝም። አንተ አሁን እጅህን እያስለመድከው ያለኸው በዓለም ላይ የሌለ መኪና ነው።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ፣ መንዳት እንዲህ ከወደደ ወደኛ ላከው። በሥርዓቱ ይማር።»

«ደሞ ምን ሊማር? ማርሹን ያውቃል፣ ፍሪሲዮኑን ያውቃል። ቀረው ብትይ መንጃ ፈቃዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ወረቀት ነው። ወረቀት መኪና አይነዳ!»

«ያልሠለጠነ ሰውም አይነዳ። ለአንድ በር አሥር ጊዜ ለክተህ ነው የምትቆርጠው። ለልጅህ ሲሆን ምነው በዓይን ግምት ሆነ?»

«አንቺ ደግሞ ሥራሽን ተሸክመሽ ሰው ቤት ትመጫለሽ!» ብሎ በሳቅ አለፈው።

እናትየዋ ከጓዳ በር ላይ «እውነቷን እኮ ነው» አለች።

ብዙም ሳይቆይ አናጺው ሥራ ላይ ሳለ ከባድ ሳንቃ አመለጠውና የቀኝ እጁን አንጓ መታው። ሐኪሙ በፋሻ ጠቅልሎ፣ ዕቃ እንዳያነሳ፣ መኪና እንዳይነዳ አጥብቆ ነገረው። በዚያው ሰሞን ለአንድ ደንበኛ የተሠሩ በሮች መድረስ ነበረባቸው። እህቱ ስትሰማ ደወለችለት። «ከምሳ በኋላ ሠልጣኞቼን ልጨርስና እኔው መጥቼ አደርስልሃለሁ። እንዳትነካው!»

በሮቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ ፒካፑ ላይ ተጭነው ታስረዋል። ደንበኛው ይደውላል፤ ይዘጋል፤ መልሶ ይደውላል። አናጺው ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ልጁን ጠራው።

«ና፣ ንዳ።»

ነፋሱ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቱ ቁልፉን ሲዘረጋለት ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አባዬ፣ እውነተኛ መኪና ነድቼ አላውቅም እኮ። አክስቴ ትመጣ የለም እንዴ?»

«እስከዚያ ማን ይቆማል? እዚሁ ማዶ ነው። እኔ አጠገብህ አለሁ፤ ምን ትሆናለህ?»

«መንጃ ፈቃድስ?»

«አንተ ልጅ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ? ስንቱን ከኋላህ ስታስከትል የምትውል ሰው ማዶ መድረስ ያቅትሃል?»

ይቺ «ወንድ አይደለህም ወይ» የምትባል ቃል ስንቱን ገደል ከትታለች! ነፋሱ ቁልፉን ተቀበለ።

መኪናው ሲነሳ ደጋግሞ ጠፋበት። የወርክሾፑ ሠራተኞች ሳቁ። በመጨረሻ ተንቀሳቀሰ፤ ሜዳው ላይም ደህና ሄደ። «አላልኩህም?» እያለ አባቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገው። የልጁ ፍርሃት ለቀቀው፤ ነዳጅ ጨመረ።

መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሱቆቹ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። በኩርባው ጥግ ሰዓት ሠሪው የሚሠራባት የቆርቆሮ ዳስ ነበረች። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚውል ጭምት ሰው ነው። መንገደኛ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲለው ፊቱ የተደረደሩትን ሰዓቶች እያሳየ «በየትኛው ልንገርህ?» ይላል። ሁልጊዜ ያው ቀልድ ነው፤ ሁልጊዜ ያስቃል።

ነፋሱ ኩርባው ላይ ሲደርስ መሪውን ቤቱ እንደለመደው ዞር አደረገው። ፒካፑ አልታጠፈም፤ በሮቹን እንደተሸከመ ቀጥታ ወረደ። እግሩ ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ እንደለመደው፣ ነካ አድርጎ ብቻ። መኪናው አልያዘም።

«ርገጠው! ርገጠው!» ብሎ አባቱ ጮኸ። በተጠቀለለ እጁ መሪውን ሊይዝ ዘለለ፤ ጣቶቹ አልጨበጡለትም። ነፋሱ መሪውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጠመዝዘው፣ ፍሬኑንም አምርሮ ሲረግጠው ጊዜው አልፎ ነበር። ሰዓት ሠሪው ቀና ሊል እንኳ አልደረሰም። ፒካፑ ከነዳሱ፣ ከነጠረጴዛው ከኋላው ካለው ግንብ ጋር አጣበቀው።

አናጺው በዚያች ሰዓት ያደረገውን ስሙ። ሞተሩ ገና አልጠፋም። የተመታውን ሰው ከማየቱ በፊት ልጁን አየ።

«ተነስ፣ ወደዚህ እለፍ! የነዳሁት እኔ ነኝ። ሰምተሃል? እኔ ነኝ!»

በአቧራውና በጩኸቱ መሐል ቦታ ተለዋወጡ። ሰው ተሯሩጦ ቆርቆሮውን አንስቶ ሰዓት ሠሪውን ሲያወጣው ነፍሱ አልፋ ነበር።

ትራፊክ ፖሊሷ መጣች። «አባት፣ እርስዎ ነዎት የነዱት?»

«እኔ ነኝ።»

ፋሻውን ቁልቁል አየችው። «በዚህ እጅ?»

«በዚህ እጅ።»

ሌላ አልጠየቀችም፤ ይዛው ሄደች። ሲነሱ ያዩት የወርክሾፑ ሠራተኞችም ለአሠሪያቸው ብለው አፋቸውን ዘጉ።

ቀብሩ ላይ ነፋሱ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር። የሟቹ ሚስት ድምፅዋ ተዘግቶ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ትንሿ ልጃቸው የእናቷን ቀሚስ ይዛ ሰው ሰውን ታያለች። ከነፋሱ አጠገብ የቆሙ ሰዎች «በታመመ እጁ መኪና ይነዳል? ይኼ ሰው ነው?» እያሉ አባቱን ይረግማሉ። አንዱ ዞር ብሎ «አይዞህ፣ አንተ ምን አደረግህ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው።

አክስቱ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባትህ በዚያ እጁ ማርሽ ሊያስገባ አይችልም» አለችው። «እኔ መኪና ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አትዋሸኝ።»

ነፋሱ እጆቹን ዘርግቶ ያያቸው ጀመር።

«አክስቴ፣ አዞርኩት እኮ። ማዞሩን አዞርኩት። እጄ የሚያውቀውን ያህል አዞርኩት።»

አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው። እሷም ታለቅስ ነበር።

«አባትህ ያዳነህ መስሎታል» አለችው። «እንዲህ ሆኖ መዳን አለ? ያቺ ሕፃን አድጋ አባቴን ማን ገደለው ብላ ስትጠይቅ የሚነገራት ውሸት ሊሆን ነው።»

«ልሂድ» አለ ነፋሱ።

እናቱ በሩ ላይ ተደፍታ «አንዱ ታሰረብኝ፤ አንዱን እንኳ ተዉልኝ!» ብላ ብትጮህ እጇን ስሞ አለፋት። ከአክስቱ ጋር በእግሩ ሄዶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ፤ የሆነውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። አባቱ ሲነገረው እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተቀምጦ «ልጄን በእጄ! በገዛ እጄ!» እያለ አለቀሰ።

ፍርድ ቤቱ በሁለቱም ላይ ፈረደ። ያለ መንጃ ፈቃድ ነድቶ ሰው በመግደሉ የልጁ ቅጣት ከበደ። መኪናውን በመስጠቱና ሕግን በማታለሉ የተቀጣው አባት ቀድሞ ተፈታ።

ከእስር ሲወጣ ፀጉሩ ነጥቶ ነበር። ወርክሾፑን ከመክፈቱ በፊት ሰዓት ሠሪው ቤት ሄደ። ሚስትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግባ አላለችውም።

«ይቅርታ ልለምንዎ ነው የመጣሁት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ልጄ እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ አባዬ መጣ ትላለች። አሁንም አንተ ስታንኳኳ ብላለች።»

አናጺው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይቅርታ ከኔ አትጠብቅ» አለችው። «ገና አልደረስኩበትም፤ አልደርስበትም ይሆናል። መናገር ካማረህ ለኔ አትናገር። እንዳንተ ቁልፍ ለሚያቀብሉት ሂድና ንገራቸው።» በሩን ዘጋችው።

እህቱ ዘንድ ሄዶ ይህንኑ ነገራት። አሰልጣኟም አዳዲስ ሠልጣኞች ከነቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት አዳራሽ አቆመችው። እኔም የእህቴን ልጅ ላስመዘግብ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ወረቀት አልያዘም፤ ድምፁም ይቆራረጥ ነበር።

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ የነበርኩ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ሰዎች ጥፋቱ የጌሙ ነው ይላሉ። አይደለም። ልጄ መሪውን ያቀለለው ለጨዋታ ነው፤ በጨዋታ ማሸነፍ ኃጢአት አይደለም። ልጄ ጨዋታውንና መንገዱን ይለይ ነበር። አልችልም ብሎኛል። አልችልም ማለቱን እንደ ነውር የቆጠርኩበት እኔ ነኝ። እህቴ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ሳቅሁባት። መንጃ ፈቃድ ወረቀት ነው አልኩ። እናንተ ልጃችሁ ያልተማረውን ያውቃል ብላችሁ አትፍረዱ። ልጅ ፈራሁ ሲላችሁ ስሙት፤ ፍርሃቱ ሰው የሚያድን ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ስታጠፉ ደግሞ ውሸት አትጨምሩበት። እኔ ሰው ከገደልን በኋላ እንኳ ያሰብኩት ስለ ልጄ ብቻ ነበር። እሱ ነው ከኔ የተሻለው።»

ያጨበጨበ የለም፤ የሚጨበጨብለት ነገርም አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ብድግ አለች።

«ልጅዎ መቼ ይፈታል?» ብላ ጠየቀችው፣ እንደማዘን ብላ።

አናጺው ወደ እሷ ዞረ።

«ልጄስ ይፈታል» አለ። «ልጄ ቀኑ ሲደርስ ይመጣል፣ እናቱም በር ላይ ትቀበለዋለች። እኔ የምነግራችሁ ስለማይመጣው ሰው ነው።»