ነዳጁ ተዘግቶ የጮኸው ሞተር

ሐሙስ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። በናፍጣ እንዲሠራ የተለወጠው ሞተር ብስክሌት በብረት መቆሚያው ላይ ቆሟል፤ የኋላ ጎማው ከሲሚንቶው አራት ጣት ከፍ ብሏል። አስራ አንድ ዓመት ያገለገለው አሮጌ ሞተር ተፈትቶ ጥግ ላይ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ ከውሃ መሳቢያ ላይ የወጣ፣ ባለ አንድ ፒስተን አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በአራት ብሎን ታስሯል። ታንኩ እስከ ግማሽ ናፍጣ ይዟል። የዘይት ጣሳው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን የጋራዡ ባለቤት ሞቶ ነበር።

ሠፈሩ «ሚዛን» ይለው ነበር፤ ተራ ብሎን እንኳ ሳይለካ አያጠብቅም። በዚያ ብስክሌት ገጠር ለገጠር እየዞረ የውሃ መሳቢያ ይጠግን ነበር። አሁን ደረቱ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በተተከለው የብረት መቆንጠጫ ሞርሳና በብስክሌቱ መሪ መካከል ተጣብቆ፣ ግራ እጁ ወደ ሞተሩ ተዘርግቶ ቀርቷል።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ሃምሳ አለቃው በር ላይ ጠበቃት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት። «ታናሽ ወንድሙ በያጅ ነው። ሞተሩ የተቀመጠበትን ብረት የበየደው እሱ ነው። ትናንት ተጨቃጭቀው ‹ይህ ሞተር አንድ ቀን ይበላሃል› ሲለው መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ማለዳም ከዚህ ሲወጣ ታይቷል። ይዘነዋል፤ ነገ ስድስት ሰዓት መዝገቡ በሰው መግደል ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ምን አለ?»

«ምንም። አፉን ራሱ የበየደው ነው የሚመስለው።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። ተንበርክካ መመልከት ጀመረች። አራቱም ብሎኖች ጠብቀዋል፤ ብየዳው አልተሰነጠቀም። የነዳጁ መዝጊያ ተዘግቷል። የሞተሩ ማጥፊያ እስከ መጨረሻው ተስቧል፤ ገመዱም አልተበጠሰም። ጣሪያው ላይ ዘይት ያዘለ ጥላሸት ተለጥፏል። የአየር ማስገቢያው ፊልትሮ በዘይት ርሷል፤ አፉ ላይም የሟቹ ጨርቅ ተስቦ ገብቶ ተወትፏል።

«ይህን ሞተር ያጠፋው ማን ነው?» አለች።

«እኛ ስንመጣ ጠፍቶ ነበር።»

«እሱ ነው ያጠፋው። በዚህ ጨርቅ» አለችና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዛ አወጣች። ዘይቱ ከላይኛው መስመር አንድ ጣት አልፏል። የዘይት መሙያው ክዳን በደንብ ጠብቋል፤ ዙሪያውም ተወልውሏል። በመጨረሻ ጣሳውን ከሚስማሩ አወረደች። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ጥቁር ያልሆነ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር። አሸተተችው፤ ቤንዚን ይሸታል።

የሟች ባለቤት ደጃፉ ላይ የባሏን መነጽር እንደያዘች ተቀምጣለች።

«ዘይቱን ማን ሞላው እህቴ?»

«እሱ። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ እኔ ባትሪ ይዤለት። አንድ ሊትር ከመቶ ሚሊ፤ ከዚያ ጠብታ አላለፈም። ዘንጉን አውጥቶ አሳየኝ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር። ‹ይኸኛው እንደ አሮጌው ሆዳም አይደለም› ብሎ ሳቀ።»

«አሮጌው ይጠጣ ነበር?»

«በየጠዋቱ አንድ ጣሳ። ሲያፈስ፣ ሲያቃጥል… ካላጠጡት አይነሳም።»

«ዛሬ ጠዋት እንደገና ለክቶ ይሆን?»

«ሚዛን? የለካውን ነገር ደግሞ አይለካም። ‹ሁለቴ የሚለካ መጀመሪያውንም አልለካም› ይላል።» ‹ይል ነበር› ለማለት አልቻለችም።

ሞተር ሻጩ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር።

«የሸጥኩለት ንጹሕ ሞተር ነው፣ እመቤቴ! አስነስቼ፣ አስፈትሼ ነው የሰጠሁት!»

«ከአሮጌው በምን ይለያል?»

«በትንፋሹ። አሮጌው ከዘይት ቋቱ የሚወጣውን ትንፋሽ በቱቦ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ይኸኛው መልሶ ወደ አየር ማስገቢያው ይልከዋል። ዘይቱ በልኩ እስከሆነ ድረስ እንደ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው። ይህን ለሚዛን ነግሬዋለሁ።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ሌላ ማን ጠየቀኝ?»

የሟች አባት ከጋራዡ ጋር በተያያዘው ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ደፍርሰዋል። ኮቴዋን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ልጄ፣ ገዳዩን አምጪልኝ። የገዛ ልጄም ቢሆን አምጪልኝ።»

«ታናሹ ነው ብለው ያምናሉ፣ አባባ?»

«አፉ ነዋ የመሰከረበት! ሁለት ወልጄ አንዱን በአንዱ አጣሁ።»

«ዛሬ ጋራዥ ገብተው ነበር?»

«ቀድሞ የሚገባ እኔ ነኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ እጄ ነው የሚያየው። መፍቻ ለመፍቻ በመዳፌ አውቀዋለሁ። ሌላው ቢሆን ‹አርፈህ ተቀመጥ› ይለኝ ነበር፤ የኔ ልጅ ግን ሥራ ነፍጎኝ አያውቅም።»

«የተለየ ነገር አላጋጠመዎትም?»

«ምንም። ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር።»

መርማሪዋ የሹራባቸውን ኪስ አየች። በአራት የታጠፈ የመወልወያ ጨርቅ ብቅ ብሏል፤ ጫፉ ላይ ያልጠቆረ፣ ማር የመሰለ አዲስ ዘይት አለበት።

ወንድምየውን ጣቢያ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። ቀኝ እጁ ከሁለት ቀን በፊት በብየዳ ተቃጥሎ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፋሻው ቤንዚን ይሸታል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«የተቃጠለ እጅ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ በጣም ያማል አይደል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ጻፉትና ልፈርም። እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«የፈለጋችሁትን።»

«የገደለ ሰው በምን እንደገደለ ያውቃል። አንተ ግን የምትጠይቀው እኔን ነው።»

«እባክዎ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አንድ ሰው ሞቷል። ሁለተኛ አይጨምሩበት።»

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ምራታቸው ከኋላቸው ቆመች። ሻጩ በሩን ተደግፏል። ወንድምየውን ሃምሳ አለቃው በክንዱ ይዞ አስገባው።

«ሚዛን ሰንሰለቱን ለመፈተሽ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን አስነሳ» ብላ ጀመረች። «ሞተሩ መጮኽ ጀመረ። ማጥፊያውን ሳበ፤ አልጠፋም። ነዳጁን ዘጋ፤ አሁንም አልጠፋም። ነዳጅ የሌለው ሞተር የሚጮኸው ሌላ የሚቃጠል ነገር ሲያገኝ ነው። ያገኘውም የራሱን ዘይት ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ስለነበር በትንፋሹ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ገባ።»

«ለዚህ እኮ ነው የነገርኩት!» አለ ሻጩ።

«ለእሱ ብቻ ነው የነገርከው። ሚዛን ምን እንደሆነ ገባው። አየር ማስገቢያውን ለመወተፍ በብስክሌቱና በጠረጴዛው መካከል ገባ። በዚያች ቅጽበት ብስክሌቱ በንዝረቱ ከመቆሚያው ወርዶ ጎማው መሬት ሲነካ ተወርውሮ ደረቱን ከሞርሳው ጋር አጣበቀው። ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሞተው።»

ሚስቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ማታ የሞላው ዘይት በልኩ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የጨመረ ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። «ሊገድል የመጣ ሰው ግን ክዳኑን አጥብቆ፣ ዙሪያውን ወልውሎ አይሄድም። ይህ ሞተር የሚወድ ሰው ሥራ ነው። የዘይት መቅጃ ሳይጠቀም አንዲት ጠብታ ያላፈሰሰ፣ ለዓመታት የለመደ እጅ ነው። በያጁ ቀኝ እጁ ታስሯል፤ በግራው እንዲህ አይቀዳም።»

«ታዲያ ጣሳውን ማን አጠበው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እሱ። ማለዳ ብየዳውን ሊያይ ሲመጣ አንድ ሰው ክዳኑን ሲዘጋ አይቷል፤ ምንም አልመሰለውም። በኋላ ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ መጥቶ የተዘጋውን ነዳጅና የራሰውን ፊልትሮ ሲያይ ገባው። ሰው ሬሳውን ሲከብ የተቃጠለ እጁን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ጣሳውን አጠበ። ከዚያም ዝም አለ።»

«መርማሪ!» አለ ወንድምየው። «ይብቃ። በልጅዎ ይዤዎታለሁ፣ ይብቃ!»

«ካበቃሁ አንተ ትከሰሳለህ።» ወደ በርጩማው ዞራ ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ትናንት ጠዋት ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር ብለውኛል። እንደ ወትሮው ምን አደረጉ?»

ሽማግሌው መልሳቸውን ከመናገራቸው በፊት እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ጨርቁ ሄደ። እዚያው ቆመ።

«አጠጣሁት» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጣሳ። እንደ ሁልጊዜው። እንደተለወጠ አውቃለሁ፤ ዳብሼው አይቻለሁ። ትንሽ ነው። ‹እንግዳ ነህና ጠጣ› አልኩት።»

ሽማግሌው ጨርቁን ከኪሳቸው አወጡት።

«እኔ ነኝ?» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ?»

«ያላወቁትን ነው ያደረጉት፣ አባባ።»

ምራታቸው መሬት ላይ ወደቀች። «ሊነግርዎት ነበር!» አለች እያለቀሰች። «ማታ ‹ከእንግዲህ ዘይት አያስፈልገውም በላቸው› አልኩት። እኔ ልንገራቸው ስለው ‹ተዪ፣ ነገ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ሌላ ሥራ ሳላዘጋጅለት ከሥራ ያስወጣሁት እንዳይመስለው› አለኝ።»

ሽማግሌው እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወደማያዩዋቸው መዳፎቻቸው አፈጠጡ። ከዚያ ታናሽየው ወዳለበት ዞሩ።

«አንተስ? በሰው ፊት ገዳይ ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል አባዬ?» አለ።

ሃምሳ አለቃው ክንዱን ለቀቀው።

መዝገቡ በዚያው ቀን ከስድስት ሰዓት በፊት «የሥራ ላይ አደጋ» ተብሎ ተዘጋ። ወንድምየው የመፈቻ ወረቀቱን ለመፈረም ወደ ጣቢያ ሲመለስ ሽማግሌው አብረው ካልሄድኩ ብለው ተከተሉት። ሲጨርሱ መኪና ወደ ቤት እንዲያደርሳቸው መርማሪዋ ብታዝም አልፈለጉም፤ አባትየው የልጃቸውን ደህናውን እጅ ይዘው በእግር ወጡ። ከጣቢያው እስከ ቤታቸው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው።